የሰፈሩን ጤና ጣቢያ በር ማን ከፈተው?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ አበው። አባባሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን የሚነግረን ግማሹን ብቻ ነው። በሽታውን ያልደበቀውስ ለማን ያሳየው? አገሩን ለለቀቀ፣ ቋንቋው ላልሰመረለት፣ ኢንሹራንስ ለሌለው ሰው ትልቁ ጥያቄ ይህ ነው። መድኃኒቱ ያለበትን በር የማያውቅ ሰው በሽታውን ቢገልጥም ባይገልጥም ያው ነው።

እኔ በአገር ቤት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የታሪክ አስተማሪ ነበርኩ። እዚህ አሜሪካ ታክሲ እነዳለሁ። ታክሲ ደግሞ የከተማን ጓዳ ያሳያል። ሌሊት ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ካደረስኳቸው ወገኖቻችን መካከል ስንቶቹ በሰፈራቸው ጤና ጣቢያ በጥቂት ዶላር ሊከታተሉት ይችሉ በነበረ ደም ግፊት ወይም ስኳር የተጎዱ ነበሩ። ሆስፒታሉ ደጃፍ ከደረስን በኋላ ሂሳቡን ፈርተው «ወንድሜ፣ ይቅርብኝ፣ ወደ ቤቴ መልሰኝ» ያሉኝም አሉ።

ከዚህ የሚከፋም አለ። በየቤተ ክርስቲያኑ፣ በየመስጊዱና በየምግብ ቤቱ ሬሳ ወደ አገር ቤት ለመላክ ገንዘብ ሲሰበሰብ ያላዋጣ ማን አለ? «ምን ሆኖ ነው?» ብለን ስንጠይቅ «ድንገት ነው» እንባላለን። አንዳንዱ በእርግጥ ድንገት ነው። አንዳንዱ ግን በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ብቻውን ለዓመታት ሲጨነቅ የኖረ ሰው መጨረሻ ነው፤ የቅርብ ጓደኞቹ ያውቃሉ፣ ግን አይናገሩም። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ለቀብር የምንደርሰውን ያህል ለሕመም አንደርስም።

የዚህ ምክንያቱ ብዙ ነው። አንዱ ግን፣ በእኔ ግምት፣ ታሪኩን አለማወቃችን ነው። ብዙዎቻችን የሰፈሩን ጤና ጣቢያ፣ የአእምሮ ጤና ምክሩን፣ የማኅበራዊ አገልግሎቱን ቢሮ መንግሥት ለድሃ የሚጥለው ምጽዋት አድርገን እናየዋለን። ስለዚህ ኩሩው ያፍራል፣ ፈሪው ይሸሻል። እኔ ዛሬ ላሳይዎት የምፈልገው እነዚህ በሮች በምጽዋት እንዳልተከፈቱ ነው። የከፈቷቸው በአብዛኛው እንደ እኛ ያሉ ሰዎች ናቸው፤ ከመካከላቸውም አንዱ በር ሐሳቡ የመጣው ከአፍሪካ ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ ይበሉልኝ።)

የመርከበኞቹ 20 ሳንቲም

ነገሩ የሚጀምረው በጁላይ 16 ቀን 1798 ነው። በዚያን ቀን ፕሬዚዳንት ጆን አዳምስ የታመሙና አካላቸው የጎደለ መርከበኞችን የሚረዳ ሕግ ፈረሙ። የንግድ መርከብ ሠራተኛ የሚታመመው ከቤቱ ርቆ፣ የሚጣለውም ዘመድ በሌለበት ወደብ ላይ ነበር። የወደቡ ከተማ «የእኔ ሰው አይደለም» ይላል፤ የተወለደበት ከተማ ሩቅ ነው። ሕጉ ያመጣው መፍትሔ ቀላል ነበር፤ ከእያንዳንዱ መርከበኛ ደመወዝ በወር 20 ሳንቲም ይቆረጣል፣ በተሰበሰበውም ገንዘብ በየወደቡ ሕክምና ይሰጣል። ያ አገልግሎት እያደገ ሄዶ በ1912 ዛሬ የሚታወቅበትን የሕዝብ ጤና አገልግሎት የሚለውን ስም ያዘ።

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ሁለት ነገር ያስተውሉ። አንደኛ፣ የዚህ አገር የፌዴራል መንግሥት በጤና ጉዳይ መጀመሪያ እጁን የዘረጋው ከአገሩ ለራቀ ሰው ነው። ሁለተኛ፣ መርከበኛው የታከመው በራሱ መዋጮ ነው። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ እድር ማለት ይኸው ነው። ዛሬም እኔና እርስዎ በየዓመቱ አፕሪል ላይ ታክስ ስንከፍል፣ ከየደመወዛችን ላይ ሲቆረጥ፣ የመርከበኛውን 20 ሳንቲም እየከፈልን ነው። የራሱን እድር መጠየቅ የሚያፍር እድርተኛ አይቼ አላውቅም።

ታሪክን ግን ሙሉውን መናገር ተገቢ ነው። ይኸው አገልግሎት በኋላ በኒውዮርክ ወደብ ኤሊስ ደሴት ላይ አዲስ ገቢ ስደተኞችን የሚመረምር ዘብ ሆኖ ሠርቷል። ሐኪሞቹ የሚጠረጥሩትን ሰው ኮት ላይ በጠመኔ ፊደል ይጽፉበት ነበር፤ ዓይነ ማዝ የተገኘበትም ወደ መጣበት ይመለስ ነበር። ስደተኛ ሐኪምንና መንግሥትን ደርቦ የሚፈራው ያለ ምክንያት አይደለም። ፍርሃቱ መቶ ዓመት ያለፈው ታሪክ አለው። ይሁን እንጂ በዚያው ዘመን፣ ከዚያው ወደብ ብዙም ሳይርቅ፣ ሌላ ዓይነት በር እየተከፈተ ነበር።

ፎቅ የምትወጣው ነርስ

በ1893 ሊሊያን ዋልድ የምትባል ወጣት ነርስ በኒውዮርክ ሎወር ኢስት ሳይድ በተባለው የስደተኞች ሰፈር ለሴቶች የቤት አያያዝና የሕሙማን እንክብካቤ ታስተምር ነበር። አንድ ቀን አንዲት ትንሽ ልጅ መጥታ እናቷ መታመሟን ነግራ ወደ ቤቷ ወሰደቻት። ሰባት ነፍስ ያለው ቤተሰብ ከተከራዮች ጋር በሁለት ክፍል ታጭቋል፤ እናቲቱ ከወለደች በኋላ ደም እየፈሰሳት ተኝታለች። ዋልድ ከዚያን ቀን ወዲያ የጀመረችውን የሕክምና ትምህርት ትታ በዚያው ሰፈር ቤት ተከራየች። ከዚህም የሄንሪ ስትሪት ሴትልመንት የሚባለው ድርጅት ተወለደ። ነርሶቹ የአምስትና የስድስት ፎቅ ደረጃ እየወጡ በየቤቱ ያክሙ ነበር። ያለው ጥቂት ሳንቲም ይከፍላል፣ የሌለው አይከፍልም፤ ሁለቱም ግን አንድ ዓይነት ሕክምና ያገኛሉ። «የሕዝብ ጤና ነርስ» የሚለውን መጠሪያ ያወጣችው ዋልድ ናት።

በ1902 ደግሞ የኒውዮርክ ትምህርት ቤቶች በዓይነ ማዝ፣ በቆረቆርና በቅማል ምክንያት የስደተኛ ልጆችን በብዛት ወደ ቤት ይመልሱ ነበር። ልጁ ወረቀት ይዞ ይሄዳል፤ ወላጅ ግን ወረቀቱ ምን እንደሚል አያውቅም፤ ልጁም መንገድ ላይ ሲጫወት ይውላል። ዋልድ ሊና ሮጀርስ የተባለች ነርስ ለአንድ ወር ለከተማው አዋሰች። ሮጀርስ ልጆቹን እዚያው ትምህርት ቤት እያከመች፣ ማታ ማታ ወላጆቻቸውን በየቤታቸው እየጎበኘች ብዙዎቹን ወደ ክፍላቸው መለሰቻቸው። ከተማውም ወዲያው ሌሎች ነርሶች ቀጠረ። አስተማሪ ስለነበርኩ ይህን ታሪክ እወደዋለሁ። ሰው በማያነበው ቋንቋ የተጻፈ ወረቀት መላክ አገልግሎት እንዳልሆነ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ይታወቃል ማለት ነው።

ከአፍሪካ የመጣው በር

አሁን ለልጆችዎ እንዲነግሩልኝ ወደምፈልገው ምዕራፍ ደረስን።

በ1940 ሲድኒ ካርክና ባለቤቱ ኤሚሊ ካርክ የተባሉ ሁለት ወጣት ሐኪሞች በደቡብ አፍሪካ፣ በናታል ገጠር፣ ፖሌላ በተባለ የዙሉ አካባቢ አንድ ጤና ጣቢያ ከፈቱ። ሰው ሲታመም ብቻ ጠብቆ ማከም ማለቂያ እንደሌለው ተረዱ። ስለዚህ ከአካባቢው ተወላጆች መካከል ጤና ረዳቶችን አሠልጥነው ቤት ለቤት እየዞሩ ሰው ምን እንደሚበላ፣ ውሃ ከየት እንደሚቀዳ፣ ስንት ልጅ እንደሞተ መዘገቡ። ከዚያም የጓሮ አትክልት አስተከሉ፣ ሽንት ቤት አስቆፈሩ፣ እናቶችን አስተማሩ። በሽታውን ከሰውየው፣ ሰውየውን ከቤቱ፣ ቤቱን ከመንደሩ ነጥሎ ማየት አይቻልም የሚለው ሐሳብ እዚያ በተግባር ተፈተነ። የአፓርታይድ መንግሥት ይህን ሥራ አልወደደውም፤ ካርኮችም በ1950ዎቹ መጨረሻ አገሩን ለቀው ወጡ።

ነገር ግን በ1957 ጃክ ጋይገር የተባለ አሜሪካዊ የሕክምና ተማሪ ፖሌላ ሄዶ ከካርኮች ጋር ሠርቶ ነበር። በ1964 ይኸው ጋይገር፣ አሁን ሐኪም ሆኖ፣ ለጥቁሮች መብት የሚታገሉትን ለመርዳት ወደ ሚሲሲፒ ወረደ። እዚያ ያየው ረሃብና በሽታ ደቡብ አፍሪካ ካየው የሚለይ አልነበረም። «ለዚህ መድኃኒት ፍለጋ ውቅያኖስ መሻገር አያስፈልግም፤ አፍሪካ ያየሁትን እዚሁ ልትከለው» አለ በልቡ። በዚያው ዓመት ፕሬዚዳንት ጆንሰን በድህነት ላይ የጦርነት አዋጅ አውጀው ነበርና ጋይገርና ባልደረባው ካውንት ጊብሰን ከቦስተኑ ተፍትስ ዩኒቨርሲቲ ተነሥተው ከዚያ በጀት ጠየቁ። በዲሴምበር 1965 በቦስተን ኮሎምቢያ ፖይንት በተባለው የድሆች መኖሪያ ሰፈር የመጀመሪያው ጤና ጣቢያ ተከፈተ። በ1967 ደግሞ ሁለተኛው በሚሲሲፒ ማውንድ ባዩ በተባለች፣ ከባርነት የወጡ ሰዎች በ1887 በቆረቆሯት ትንሽ ከተማ ሥራ ጀመረ።

ማውንድ ባዩ ላይ የሆነውን ይስሙ። የጥጥ ማሳውን ማሽን ስለወረሰው ጭሰኛው ሥራ አጥቷል። ሕፃናት በርሃብና በቆሻሻ ውሃ ይሞታሉ። ጆን ሐች የተባለው የማኅበረሰብ አደራጅ በየመንደሩ ሰዉን እየሰበሰበ «ምን ይሻላችኋል?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ሰዉ ከሐኪም አስቀድሞ የጠራው ምግብን፣ ሥራንና መኖሪያ ቤትን ነበር። ሐኪሞቹም ለተራቡት ሕፃናት የምግብ ማዘዣ መጻፍ ጀመሩ። ማዘዣውን የአካባቢው ሱቅ ተቀብሎ ወተት፣ ሥጋና አትክልት ይሰጣል፤ ሂሳቡ ለጤና ጣቢያው መድኃኒት ቤት ይላካል። ባለሥልጣናት «የመድኃኒት በጀት ለምግብ እንዴት ይወጣል?» ብለው ሲቆጡ፣ ጋይገር «የሕክምና መጽሐፌን እስካየሁት ድረስ የርሃብ መድኃኒቱ ምግብ ነው» የሚል መልስ ሰጣቸው። ከዚያም ጉድጓድ ተቆፈረ፣ ሽንት ቤት ተሠራ፣ ገበሬዎቹ ራሳቸው የእርሻ የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋሙ።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ይህ ሐሳብ ባዕድ አይደለም። በ1954 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያንን አንድ ቡድን አድርጎ ወደ ገጠር ይልክ ነበር። ከ2003 ጀምሮም ሁለት ሁለት ሴት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ቤት ለቤት መዞር ጀምረዋል። እናትዎን በስልክ ቢጠይቋቸው የሠራተኛዋን ስም ይነግሩዎታል። እዚህ አሜሪካ ግን የሰፈራችንን ጤና ጣቢያ ስም የምናውቅ ስንቶቻችን ነን?

ከእነዚያ ከሁለቱ የተነሣው ሥራ ዛሬ በመላው አሜሪካ 1,400 ያህል ድርጅቶች የያዙት ሆኗል፤ በዓመት ከ30 ሚሊዮን በላይ ሰው ያክማሉ። ሕጉ የመክፈል አቅም የሌለውን ሰው እንዳይመልሱ ያዛቸዋል። ክፍያው በገቢና በቤተሰብ ብዛት ይመዘናል፤ ገቢው ከድህነት መስመር በታች የሆነ ሰው ወይ ምንም አይከፍልም ወይ ለስም ያህል ይከፍላል፤ እስከ መስመሩ እጥፍ ድረስ ያለው ደግሞ ቅናሽ ያገኛል። ከ1975ቱ ሕግ ወዲህ ደግሞ እያንዳንዱን ጤና ጣቢያ የሚመራው ቦርድ ቢያንስ 51 በመቶው እዚያው የሚታከሙ ሰዎች መሆን አለበት። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ግማሹ ብቻ የተሠራው ቤት

የአእምሮ ሕመም ታሪክ ከዚህ ይለያል፤ ያሳዝናልም። በ1841 ዶሮቲያ ዲክስ የተባለች መምህርት በማሳቹሴትስ አንድ እስር ቤት ውስጥ ሴት እስረኞችን ልታስተምር ስትገባ የአእምሮ ሕሙማን ምንም ወንጀል ሳይሠሩ በክረምት ያለ እሳት ታስረው አገኘች። በየግዛቱ እየዞረች ያየችውን ለምክር ቤቶች አቀረበች፤ በእሷም ጥረት ብዙ ሆስፒታሎች ተሠሩ። ዓመታት ሲያልፉ ግን መጠጊያ የተባሉት ግንቦች ራሳቸው መጋዘን ሆኑ። በ1955 በየግዛቱ የአእምሮ ሆስፒታሎች ተዘግቶባቸው የሚኖሩት ሰዎች 559 ሺህ ያህል ደርሰው ነበር።

ክሎርፕሮማዚን የተባለው መድኃኒት በ1954 ሥራ ላይ ሲውል ሰው በቤቱ ሆኖ መታከም እንደሚችል ታየ። ገና በወጣትነቷ በ1941 በአንጎል ቀዶ ሕክምና የተጎዳች እህት የነበራቸው ፕሬዚዳንት ኬኔዲ፣ ከመገደላቸው ሦስት ሳምንት በፊት፣ ኦክቶበር 31 ቀን 1963 የማኅበረሰብ የአእምሮ ጤና ማዕከላትን የሚያቋቁመውን ሕግ ፈረሙ። ዕቅዱ 1,500 ማዕከላት ነበር። የተሠራው ግማሹ ያህል ብቻ ነው። ሆስፒታሎቹ ግን ዕቅዱን ሳይጠብቁ ሰዉን አወጡ፤ በ1980 የቀሩት ሕሙማን ከ140 ሺህ በታች ነበሩ። በዚያው ዓመት ፕሬዚዳንት ካርተር ማዕከላቱን የሚያጠናክር ሕግ ፈረሙ፤ በ1981 በፕሬዚዳንት ሬገን ጊዜ አብዛኛው ተሽሮ ገንዘቡ ተቀንሶ ለግዛቶች ተሰጠ። እኔ ሌሊት ስነዳ አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ብቻውን የሚናገር ሰው ባየሁ ቁጥር ያ ግማሹ ብቻ የተሠራ ቤት ትዝ ይለኛል። ምክንያቱ እሱ ብቻ ባይሆንም አንዱ እሱ ነው።

ለምን ይህ በር በግማሽ ቀረ? ለእኔ የሚታየኝ ይህ ነው፤ የማውንድ ባዩ ሰዎች ተሰብስበው «ይህ ጤና ጣቢያ የእኛ ነው» ብለው ለመጮኽ አላፈሩም። የአእምሮ ሕመምተኛውና ቤተሰቡ ግን አፈሩ፣ ተደበቁ። ባለቤት ነኝ የሚል የሌለው ቤት መጀመሪያ በጀቱ ይቆረጣል።

እኛም ከዚህ ኀፍረት ነፃ አይደለንም። «እብድ» የምትለዋን ቃል በመፍራት ስንቱ ወንድማችን እንቅልፍ ማጣቱን «የሥራ ሰዓት ነው»፣ ማልቀሱን «ናፍቆት ነው»፣ መጠጡን «ለጨዋታ ነው» እያለ ይኖራል። ከጦርነት፣ ከእስር፣ ከበረሃ ጉዞ ያመለጠ ሰው ሌሊት ቢቃዥ ምን ያስገርማል? በ2004 በቶሮንቶ ከተማ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ላይ የተደረገ ጥናት ታትሞ ነበር፤ ከ10 ሰዎች አንዱ ያህል በሕይወቱ ከባድ የድባቴ ሕመም እንደደረሰበት አሳይቷል። ከዚያው ጥናት የወጣ በ2006 የታተመ ጽሑፍ ደግሞ የአእምሮ ሕመም ካለባቸው መካከል ከጤና ባለሙያ እርዳታ ያገኙት 12.5 በመቶ፣ ማለትም ከስምንት አንዱ ብቻ እንደነበሩ ገልጿል። ልብ ይበሉ፣ ካናዳ ሕክምና በነፃ የሚሰጥባት አገር ናት። ሰባቱን ያስቀራቸው ገንዘብ አልነበረም ማለት ነው።

«እኔ ጸበል እጠመቃለሁ» የሚሉ ይኖራሉ። ይጠመቁ። ጸበሉን ከሐኪሙ ጋር ማጣላት አያስፈልግም። በ2007 ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው መወሰድ እንደሚችሉ በይፋ ሲናገሩ ብዙ ሕይወት የሚያተርፍ ቃል ነበር። ለኤድስ የሠራው ቃል ለጭንቀት የማይሠራበት ምክንያት የለም።

ቋንቋችን የገባበት ሕግ

«ቋንቋ የለኝም» የሚለው ሁለተኛው ፍርሃት ነው። ይህም በር በትግል የተከፈተ ነው። ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግና ተከታዮቻቸው የደሙለት የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ፣ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ማንም ድርጅት በዘር፣ በቀለም ወይም በትውልድ አገር ሰውን እንዳያገል ይከለክላል። ፍርድ ቤቶችም ቋንቋውን ለማይችል ሰው መንገድ አለማበጀት ማግለል ሊሆን እንደሚችል ተቀብለዋል። በ2004 የዋሽንግተን ዲሲ ምክር ቤት የስደተኛ ማኅበራት ተባብረው የገፉበትን የቋንቋ አገልግሎት ሕግ አወጣ፤ አማርኛም የከተማው ቢሮዎች ጽሑፎቻቸውን ከሚተረጉሙባቸው ዋና ዋና ቋንቋዎች አንዱ ሆነ። በዚያ ከተማ በመንግሥት ቢሮ ግድግዳ ላይ ፊደላችንን ሲያዩ «ከየት መጣ?» ብለው ይጠይቁ፤ ከምክር ቤቱ ደጃፍ ሰልፍ ነው የመጣው።

የተከፈተ በር ሊጠብም እንደሚችል አይርሱ። በ2000 ፕሬዚዳንት ክሊንተን ስለ ቋንቋ አገልግሎት ያወጡት ትእዛዝ በማርች 2025 ተሽሯል። በጁላይ 2025 የወጣው የበጀት ሕግም ሜዲኬይድና የምግብ እርዳታ የሚያገኙትን የስደተኛ ዓይነቶች አጥብቧል። የ1964ቱ ሕግ ግን አለ፤ የ2010ሩ የጤና ሕግ አድልዎን የሚከለክለው አንቀጽም አለ። ስለዚህ «ጓደኛዬ ከሦስት ዓመት በፊት አግኝቷል» ወይም «ጓደኛዬ ተከልክሏል» በሚል ወሬ ሳይወሰኑ የራስዎን ጉዳይ ራስዎ ይጠይቁ።

ወደ በሩ እንዴት ይደረሳል?

የአስተማሪነት ልማድ አልለቀቀኝምና በቅደም ተከተል ላስቀምጠው።

አንደኛ፣ የት እንደሚጀምሩ ካላወቁ 211 ይደውሉ። ይህ ቁጥር በ1997 በአትላንታ ተጀምሮ ዛሬ በአብዛኛው የአሜሪካ ክፍል ይሠራል። የኪራይ፣ የምግብ፣ የመብራት ክፍያ፣ የጤና ጣቢያ፣ የምክር አገልግሎት በአካባቢዎ የት እንዳለ ይነግሩዎታል። «አቅራቢያዬ ያለውን በገቢ የሚከፈልበት ጤና ጣቢያ ንገሩኝ» ይበሉ።

ሁለተኛ፣ ክትባት፣ የቲቢ ምርመራና የመሳሰለው ሲያስፈልግዎ የካውንቲዎን የጤና ቢሮ ይጠይቁ። ነፍሰ ጡር፣ አራስ ወይም ከአምስት ዓመት በታች ልጅ በቤትዎ ካለ በ1972 ሕግ የተጀመረው ዊክ የተባለው የምግብ ፕሮግራም የሚጠየቀውም እዚያው አካባቢ ነው። የጋይገር የምግብ ማዘዣ የሥጋ ዘመድ ይመስለኛል።

ሦስተኛ፣ ሕይወት የሚያሰጋ ነገር ሲደርስ ሂሳብ አስልተው ከደጃፍ አይመለሱ። በ1986 የወጣው ሕግ ድንገተኛ ክፍል ያለው ሆስፒታል የመጣውን ሰው ሁሉ፣ ኢንሹራንስ ኖረውም አልኖረውም፣ እንዲመረምርና ከአደጋው እስኪወጣ እንዲያክም ያስገድዳል። ሂሳቡ ሊመጣ ይችላል፤ ሲመጣ የሆስፒታሉን የገንዘብ እርዳታ ክፍል ጠይቀው ቅጽ ይሙሉ። ሂሳብ በክፍያ ቀጠሮ ይከፈላል፤ ሕይወት ግን ቀጠሮ የለውም።

አራተኛ፣ ራስዎ ወይም የሚወዱት ሰው መኖር ካስጠላው፣ ጭንቀቱ ከአቅም በላይ ከሆነ 988 ይደውሉ። ሌሊትም ቀንም ሰው ያነሣል። ቁጥሩ የተጀመረው ጁላይ 16 ቀን 2022 ነው፤ የመርከበኞቹ ሕግ በተፈረመበት ዕለት በ224ኛ ዓመቱ መሆኑ ነው። እንግሊዝኛ ካልቀናዎት «አማሪክ» ብለው አስተርጓሚ ይጠይቁ።

አምስተኛ፣ አስተርጓሚ መጠየቅ መብትዎ ነው፣ ክፍያም የለውም። ልጅዎን ግን አያስተርጉሙ፤ ከድንገተኛ ሁኔታ በቀር ሆስፒታሎችም ሕፃን እንዲያስተረጉም መጠየቅ የለባቸውም። የአሥር ዓመት ልጅ የእናቱን የማሕፀን ሕመም ወይም የአባቱን የእስር ቤት ቅዠት ወደ እንግሊዝኛ ሲያዞር የሚሸከመውን ሸክም ያስቡት። «አስተርጓሚው የአገሬ ሰው ከሆነ ምስጢሬ ይወጣል» ብለው ከፈሩ በስልክ የሚያስተረጉም፣ ከሌላ ግዛት የሆነ ይጠይቁ። አስተርጓሚውም እንደ ሐኪሙ ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት።

እድርና ቦርድ

ወደ 51 በመቶው ልመለስ። 11 አባላት ባሉት ቦርድ ቢያንስ 6ቱ ታካሚዎች መሆን አለባቸው። ይህ ማለት በሰፈርዎ ጤና ጣቢያ አስተርጓሚ ይቀጠር አይቀጠር፣ ማታ ለሚወጣ ሠራተኛ በሩ እስከ ስንት ሰዓት ይከፈት፣ የምክር ባለሙያው ስለ እኛ ባህል ያውቅ አይወቅ የሚወሰንበት ወንበር ሕጉ ለታካሚው አስቀምጦለታል ማለት ነው። ሌሎች ማኅበረሰቦች በዚያ ወንበር ተቀምጠዋል። እኛም ወንበሩን መጠየቅ እንችላለን።

«እኛ የሰፈር ሰዎች ምን እናውቃለን?» አይበሉ። የማውንድ ባዩ ጭሰኞች ካወቁ እኛም እናውቃለን። በአዲስ አበባ የእድር ታሪክ የሚያሳየን ይህንኑ ነው። እድር የተነሣው ለቀብር ነበር፤ ድንኳን፣ ወንበር፣ ንፍሮ። የኤድስ ወረርሽኝ ሲመጣ ግን ስንት እድሮች «ሰው እስኪሞት ለምን እንጠብቃለን?» ብለው የሕሙማንን ቤት መጎብኘትና ወላጅ ያጡ ልጆችን መደገፍ ጀመሩ። በዋሽንግተን አካባቢ በ1983 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ኮሚኒቲ ልማት ምክር ቤትም በየጊዜው ከየአገሩ የሚመጡ ስደተኞችን ሲያቋቁም ቆይቷል። መደራጀቱን እናውቅበታለን ማለት ነው። የሚቀረን ከቀብር ወደ ሕመም አንድ እርምጃ ወደፊት መምጣት ነው።

ስለዚህ ውድ አንባቢ፣ በሚቀጥለው የእድርዎ ወይም የማኅበርዎ ስብሰባ ላይ ሁለት ነገር በአጀንዳ ያስይዙልኝ። አንደኛው፣ በአካባቢያችን ያለው ጤና ጣቢያ ስሙ ማን ነው፣ ከእኛ ሰውስ ለቦርዱ ማንን እናቅርብ የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ከአባላቱ መካከል ሦስት ወር ያልታየ፣ ስልክ የማያነሣ ሰው ማን አለ፣ ነገ ማን ሄዶ በሩን ያንኳኳ የሚል ነው። ለሬሳ መላኪያ የምናዋጣውን ያህል ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው አንድ ሰው ደረጃውን እንዲወጣ ብቻ ነው።

ቸር ይግጠመን።